እስከ ፋሲካ ያልተፈታው ጎማ

ባለፈው ሳምንት የማስታምማቸው አሮጊት ልጅ ትልቁን ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ወደ ግቢ ሲገባ፣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ የእናቱን ሾርባ እያበረድኩ ነበር። ሞተሩ ጠፍቷል፤ የሚጮኸው የፊት ጎማው ነው። ደረቅ በቆሎ ወፍጮ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ከዚያ እንደ ማጉረምረም። ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሰውዬው ሃምሳን ያለፈ፣ በየበጋው ከጓደኞቹ ጋር ተራራ ለተራራ የሚዞር፣ ሞተሩን እንደ ሙሽራ የሚያጥብና የሚወለውል ነው። በማግስቱ ከመካኒኩ ሲመለስ እናቱ አጠገብ ተቀመጠና እየሳቀ ነገራቸው። ኩሽኔታው ነው፤ ዕድሜው ሳይደርስ አለቀ፤ ጥፋቱም የራሴ ነው፤ በየሳምንቱ በግፊት ውሃ ሳጥበው ውሃው በጎማው መሃል ዘልቆ የውስጡን ቅባት፣ ግራሶውን አበላሽቶታል፤ መካኒኩም ሁለተኛ ቧንቧህን ወደዚያ እንዳታዞር ብሎ ተቆጣኝ። እናቱ "አንተ ከልጅነትህም ውሃ ላይ እጅህ አያርፍም" አሉትና ተሳሳቁ። አዲስ ተገጠመለት፤ ቅዳሜ ጓደኞቹን ተከትሎ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አማተብኩና ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እንዲህ ቀላል ነገር ኖሯል። አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ይስቃል፣ ይቀየራል፣ ይረሳል። እኛ ዘንድ ይኸው ነገር የወንድሜን የደምሴን እግር፣ እጮኛውንና ስሙን ወስዷል። ወደዚህ ወደ ጣሊያን አገር፣ ወደ ቦሎኛ ስመጣ ቋንቋቸውን አልችልም ነበር፤ ግን የጋራዡን ቃል ከናዝሬት ይዤው መምጣቴን ኋላ ነው ያወቅኩት። ጎሚስታ፣ ካንዴላ፣ ግራሶ፣ ፍሪሲዮን። ኩሽኔታን ደግሞ ማን ያስረሳኛል። ጎማው መሃል ተቀምጦ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ቀለበት ነው፤ ውስጡ ብይ የሚመስሉ ድቡልቡል ብረቶች በግራሶ ተነክረው ይዞራሉ። ደኅና ሲሆን ማንም አያስታውሰውም፤ ድምፅ የለውም። መጮኽ ሲጀምር ግን ወይ ትሰሚዋለሽ፣ ወይ ይጥልሻል። ይህን ያስተማረኝ ደምሴ ነው፤ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጁ እያሽከረከረ "ጆሮሽን አስጠጊ አስኩዬ፣ ምን ትሰሚያለሽ?" ይለኝ ነበር። "ምንም" ስለው ደስ ይለዋል።

አዳማ ትባላለች አሁን፤ ድሮም ስሟ ነው፤ እኔ ግን ናዝሬት ብዬ ስላደግኩ አፌ ላይ የቀረው እሱ ነው። ያኔ ባጃጅ የሚባል አልነበረም፤ ጋሪ ነበር፤ ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ሱፍ ያስሩላቸዋል። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ሻይ ስሙኒ፣ ፓስቲ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ፓስቲው ትልቅ ከመሆኑ የተነሣ በሁለት እጅ ነው የምንይዘው። ነፋሱ አቧራውን ሲያነሣ ሴቶቹ ነጠላችንን አፋችን ላይ እናደርጋለን፤ ወንዶቹ ሞተራቸውን አቁመው ግንቡን ተደግፈው ይስቃሉ። ከሁሉም ፊት ደምሴ ነበር። ቡናማ የቆዳ ጃኬት፣ ክርኑ ላይ የነጣ፣ ከውስጡ ነጠላውን በደረቱ አጣፍቶ። በዚያ ሙቀት ጃኬት ምን ያደርግለታል ስለው፣ "ሙቀቱ ሲቆም ነው፤ እኔ መች ቆምኩ" ይል ነበር። ሥራው ደብተርና እስክሪብቶ ለየከተማው ትምህርት ቤት ማከፋፈል ነው። ሳጥኑን ከኋላ ጭኖ በሞጆ አድርጎ፣ የቆቃን ድልድይ ተሻግሮ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ኩየራ፣ ሻሸመኔ ይወርዳል። ሲመለስ ወይ የመቂ ቲማቲም፣ ወይ የዝዋይ ዓሣ በላስቲክ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ እማዬ ዓሣውን በጾም ቀን ካመጣው አትናገረውም፤ ዝም ብላ ለጎረቤት ሙስሊሞች ትሰጣለች።

የደብራችን ሞተረኞች ማኅበር ነበራቸው። ከአሥር ብዙ አይበልጡም። የየከተማው ታቦት ሲነግሥ ከበሮውን ከኋላ አስረው፣ ነጠላቸው በነፋሱ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ፣ በሰልፍ ይሄዳሉ። በየዓመት በዓሉ ዝማሬ ያጅባሉ፣ ጧፍና ዕጣን ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት ያደርሳሉ። መቂ ሲገቡ ልጆች እየሮጡ ይከተሏቸው እንደነበር፣ በመንገድ ዳር ሽንኩርት የሚለቅሙት ገበሬዎች ቀና ብለው "አካም ኦልተኒ"፣ እንዴት ዋላችሁ፣ እያሉ እጃቸውን ያወጡላቸው እንደነበር ደምሴ ሲያወራ አይጠግብም። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ማኅበር ለወንድሜ ከቤታችን ይልቅ ቤቱ ነበር። ከዚያ መውጣት ማለት ለእሱ ከሰው መውጣት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሆነው እንዲገባ ነው።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ብሩ ነበሩ። ዓለም ጤና አጠገብ መስኖ ያላቸው፣ የሽንኩርት ነጋዴ፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው የሚያርድ፣ ለድኻ ግን እጃቸው የማይታጠፍ። ልጃቸው ሙሉነሽ የደምሴ እጮኛ ነበረች። ሙሉነሽ ትንሽ ልጅ ሳለች በጽኑ ታማ ሐኪም ተስፋ ቆርጦባት በጠበል ነው የዳነችው፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አምናለሁ። ጋሽ ብሩ ያኔ ተስለው ነበር፤ "ልጄን ከማርክልኝ፣ በጥምቀት ጠበሉ እስከ መጨረሻው ሰው እንዲደርስ አደርጋለሁ" ብለው። ስለታቸውን የከፈሉት በመስኖ ፓምፓቸው ነው። በየዓመቱ በጭነት መኪና አምጥተው ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ይተክሉታል፤ ውሃው ከተባረከ በኋላ በረጅም ቧንቧ ይረጫል። ድሮ የፊተኛው ብቻ ነበር የሚደርሰው፤ አሁን አሮጊቶቹ ኋላ ቆመው ራሳቸውን ያስነካሉ። ማለፊያ ሥራ ነው። በዚህ ላይ አፌን አልከፍትም።

የጎማው ነገር የመጣው አንድ ጓደኛቸው ከቡልቡላ ወዲህ ጎማው ፈንድቶበት ከሞተ በኋላ ነው። በተከታዩ ጥምቀት ሞተረኞቹ "ሰውን የሚጥለው ጎማ ነው፤ ጎማው ይባረክ" ብለው ሞተራቸውን ፓምፑ ፊት አሰለፉ። በመጀመሪያው ዓመት ከላይ ከላይ ተረጨ። በሁለተኛው ሞተሩን ጋደም አድርገው የቧንቧውን አፍ ከጎማው መሃል ላይ ደቀኑት። እልልታው አይጣል። ከዚያማ ወግ ሆነ፤ ቧንቧውን የያዘው ሰው ቶሎ ካነሣ "ጨምርልኝ እንጂ፣ ምን ሰሰትክ" ይሉታል። እርሻ የሚያጠጣ ፓምፕ ነው እንግዲህ፤ ጉልበቱ አፈር ይሸረሽራል። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ የሞተሮቹ ጎማ ማጉረምረም ጀመረ። የደምሴ ጓደኛ የካሳ ወላለቀ፤ የሌላው ደረቀ። አዲስ ይገጠማል፣ በተከታዩ ጥምቀት እንደገና። መለዋወጫ ሻጩን ሌባ አሉት። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ፤ በነጭ ነጠላ ተሰልፈው ሲሄዱ ያየ ሁሉ ይመኛቸዋላ። ስለዚህ ምን አደረጉ? በዓመቱ ቧንቧውን አብዝተው አስጠጉት።

ደምሴ አንድ ጥምቀት ላይ ሞተሩ ዝዋይ ለጥገና ቀርታ ሳትረጭ አለፈች። ያን ዓመት የእሱ ጎማ ዝም አለ፤ የሁሉም ጮኸ። እሱ ነገር በሆዱ ሲመላለስ ያስታውቃል፤ እንጀራውን እየቆረሰ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን የካሳን ጎማ ግቢያችን ውስጥ ፈትቶ ኩሽኔታውን አወጣና ጠራኝ። ግራሶው ጥቁር ወይም ቢጫ መሆን ሲገባው ነጥቷል፤ የተበላሸ ወተት መስሏል፤ ብረቶቹ ዝገው ሻክረዋል። በጣቱ ነካና "አየሽ፣ ውሃ ነው" አለኝ። ከዚያ ዘወር ብሎ እማዬ አለመስማቷን አየ። ያን ዕለት ሳይናገር የፈራውን ነገር የተረዳሁት ኋላ ነው።

ማኅበሩ እኛ ቤት የተጠጣ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ ያንን ኩሽኔታ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ምንድነው ይሄ?" አሉ ጋሽ ብሩ።

"ኩሽኔታ ነው ጋሼ። የካሳ።"

"ኩሽኔታ መሆኑንማ አላጣሁትም። ምን ሆነ ነው የምልህ።"

"ውሃ ገብቶበት ነው የተበላሸው። በእኔ ሐሳብ ሞተሮቹ በቅጠል፣ በእጅ ቢረጩ ይሻላል። ፓምፑ ለሰዉ ይሁን።"

"የምን ውሃ ነው የገባበት?"

"የፓምፑ ውሃ።"

ጋሽ ብሩ ጽዋቸውን አስቀመጡ። "በጥምቀት ዕለት የፓምፕ ውሃ የሚባል የለም። ያለው ጠበል ነው።"

ወንድሜ ኩሽኔታውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። እሱ የውሃውን ጉልበት ነው የሚናገረው፤ እሳቸው የውሃውን ቅድስና። ሁለቱም እውነት ነበር። ግን አንዱ እውነት ሌላውን የሚሰማበት ቦታ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ያኔ ካሳ፣ ሁልጊዜ የሚያስቀን ካሳ፣ ዳቦ በአፉ እንደያዘ "እንዴ ደምሴ፣ ጠበል መፍራት ከጀመርክ እኮ ይዘንህ ሄደን ማስለፍለፍ ሊኖርብን ነው" አለ። ሁሉም ሳቁ። ደምሴም አብሮ ሊስቅ ሞከረ። ጋሽ ብሩ ብቻ አልሳቁም።

በሳምንቱ ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት የደብራችን ሴት አጠገቤ መጥታ፣ "ወንድምሽ ኩየራ ሚሲዮኑ ግቢ ይመላለሳል አሉ" አለችኝ።

"ደብተር ያደርሳል። ትምህርት ቤት አለ አይደል?"

"እሱማ ነው። ሻይም ይጋብዙታል አሉ።"

"ሻይ መጠጣት ምን አለው?"

"ምንም የለው። እንዲያው ጠበል ብረት ያበላሻል ማለቱን ስሰማ ነው። ጴንጤ ሆነ እያሉት ነው፤ አልሰማሽም?"

እንዲህ ነው የሄደው። "ፓምፑ" ያለው "ጠበሉ" ሆነ፤ "ግራሶ" ያለው "ብረት" ሆነ፤ ደብተሩ ሻይ ሆነ፤ ሻዩ ሃይማኖት። እኛ ደግሞ የጴንጤ ጎረቤቶች ነበሩን፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ክፉ አላየንባቸውም። ግን እኛ ሰፈር ያ ቃል እጮኛ ላለው ልጅ ሲነገር ፍርድ ነው። ደብተር ሊያደርስ ሲሄድ የማኅበሩ ልጆች ሻይ ቤቱ ግንብ ላይ ቦታ አይለቁለትም። ሰላምታውን ይመልሳሉ፤ ከዚያ ወሬያቸውን ይተዋሉ። እማዬ ማልቀስ ጀመረች፤ ደምሴ ጃኬቱን ሳያወልቅ ቤት ውስጥ መቀመጥ ጀመረ።

ለጥምቀት ጥቂት ሲቀር ጋሽ ብሩ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። እማዬ ወንበር አስጠግታ እጇን አጣምራ ቆመች። እሳቸው ተቆጥተው አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ልባቸው ተሰብሮ ነበር።

"ልጄ በምን እንደዳነች ታውቃለህ?" አሉት።

"አውቃለሁ ጋሼ። አምናለሁም።"

"እንግዲያው አሳየኝ። በጥምቀት መጀመሪያ ያንተ ሞተር ትረጭ። በሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ እስከ ፋሲካ ጎማውን አትፍታ፣ አታስፈታ፣ ግራሶ አትንካ። ካመንክ ምን ትፈራለህ? ፋሲካ ሲደርስ ማንም አፉን አይከፍትብህም፤ ሠርጉም በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ይሆናል። ቃሌ ነው።"

"እሺ በላቸው ልጄ" አለች እማዬ።

"እሺ" አለ ደምሴ። እንግዶቹ ሲወጡ ደምሴን ተከትዬ ጓሮ ሄድኩና "ምን ማለትህ ነው?" አልኩት። "በቀስታ እነዳለሁ" አለኝ። "እስከ ፋሲካ ነው። ሙሉነሽን ከማጣት በቀስታ ብነዳ ይሻለኛል።"

ጥምቀቱን አልረሳውም። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ወረቀት በየመንገዱ ተሰቅሎ፣ ሴቶቹ አዲስ ጥልፍ ለብሰው፣ የሎሚ ሽታ በየቦታው። ወንድሜ ሞተሩን ጋደም አድርጎ በጉልበቱ ደግፎ ያዘ፤ ቧንቧውን የያዙት ራሳቸው ጋሽ ብሩ ነበሩ። ውሃው በጎማው መሃል ገብቶ በሌላው ወገን እስኪወጣ ያዙት። እልል ተባለ። ሙሉነሽ ከሴቶቹ መሃል ሆና በሁለት እጇ አፏን ይዛ ታየዋለች፤ ደስ ብሏት ይሁን ፈርታ ዛሬም አላውቅም። ደምሴ ከራስ እስከ እግሩ ረጥቦ ሲነሣ ልጆቹ ትከሻውን መቱት፣ ከበሮውን ሰጡት፣ ካሳ አቀፈው። ሻይ ቤቱ ግንብ ላይ ቦታው ተመለሰለት። እነዚያን ሳምንታት እንደገና ያፏጭ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎማው መናገር ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው፤ ኋላ ሲቆም ሁሉ ያንኮራክራል። ግቢያችን ውስጥ ሲገፋው እማዬ ከጸሎቷ ትናጠባለች። አንድ ቀን የንስሐ አባታችንን ጠርታ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በጉባኤ የማይደመጡ። "ጎማ መፍታት ምን ኃጢአት አለው ልጄ" አሉት ደምሴን። "ጠበሉ ለነፍስህ ነው። ብረቱን በብረት ወግ ያዘው።" ደምሴ እጃቸውን ስሞ፣ "ለጋሽ ብሩ ቃል ሰጥቻለሁ አባ" አላቸው። "እኔ እነግራቸዋለሁ" ቢሉት "ከነገሯቸው ሰው ላከብኝ ይላሉ" አለ። የጎማው መፍቻ ከአልጋው ሥር ነበር። ግራሶውም ነበር። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

የወደቀው ከዓለም ጤና አለፍ ብሎ ወደ መቂ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው፤ ጠዋት ላይ፣ ደብተር ጭኖ። ያነሱት ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽንኩርት የሚያጠጡ ገበሬ ናቸው። በጋሪያቸው መቂ ክሊኒክ አድርሰውት፣ ከዚያ ሰው ልከው ጠሩን። ስንደርስ በር ላይ ተቀምጠው ደብተሮቹን እየለቀሙ አቧራቸውን ያራግፋሉ። "በቀስታ ነበር የሚመጣው" አሉን። "ሁልጊዜ ሳየው ይሮጥ ነበር፤ ዛሬ እንደ ጋሪ ነው የመጣው። ጎማው ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ቆመ። እሱ አልቆመም።" በቀስታ በመንዳቱ ነው ነፍሱ የተረፈችው። ከኋላው ይመጣ የነበረ ጭነት መኪና ግን ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ረግጦት ነበር። አዲስ አበባ ስንወስደው እግሩን ቆረጡት።

ከሆስፒታል በተመለሰ በሳምንቱ ጋሽ ብሩና ሽማግሌዎቹ መጡ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ብሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ እጁን ያዙት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ይህን ልክድ አልችልም። ከዚያ እንዲህ አሉ።

"ሳታምን እንደተቀበልክ አሁን አወቅን ልጄ። በከንፈርህ እሺ አልክ፣ ልብህ ግን ተጠራጥሮ ነበር። እግዚአብሔር ቀጣህ፤ እኛ ግን ይቅር ብለንሃል።"

ወንድሜ ጣሪያውን እያየ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" አለ።

ሠርጉ ቀረ። "እግሩን ብለን አይደለም" አሉ እነ ጋሽ ብሩ። ሙሉነሽ አንድ ጊዜ መጥታ በር ላይ ቆማ፣ አይታው ሄደች፤ በዓመቱ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ተዳረች። ጎማው ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ "አየህ፣ ጠበል አያበላሽም" ሊሉት ነበር፤ ሲጥለው ደግሞ "አየህ፣ ተጠራጠርክ"። እኔ ተምሬያለሁ የምል ሰው አይደለሁም፤ ግን እንዲህ ያለ ፈተና፣ መልሱ ሁሉ አንድን ሰው ብቻ የሚጥል፣ ከእግዚአብሔር እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ እንኳ በጊዜው እችለው ነበር። ያልቻልኩት ካሳ የነገረንን ነው። በየቀኑ ማለት ይቻላል ይመጣ ነበር፤ ሙዝና ብርቱካን ይዞ፤ ቀልዱ ጠፍቶ። አንድ ከሰዓት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ፣ እኔ ለደምሴ ቁስል ማጠቢያ ውሃ እያሞቅኩ፣ ካሳ ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ መናገር ጀመረ።

"ደምሴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እኛማ ፈታነው።"

"ምኑን?"

"ጎማችንን። በጥምቀት ማግሥት። ሁላችንም። እኔ ቤት ተሰብስበን፣ አጥበን፣ አድርቀን፣ አዲስ ግራሶ አድርገን ገጠምነው። አንተ ያልከው እውነት መሆኑን እኮ ያኔውኑ ነው ያወቅነው፤ ኩሽኔታውን ስታሳየን።"

"ለምን ሳቃችሁ ታዲያ?" አልኩት እኔ።

ካሳ አላየኝም። "አንተም የፈታህ መስሎን ነበር" አለው ለደምሴ። "በእናቴ። ማን ዝም ብሎ ይነዳዋል ብለን።"

"እኔ እኮ ቃል ሰጥቼ ነበር" አለ ደምሴ፤ የሚያስረዳ እንጂ የሚወቅስ አይመስልም። ካሳ አለቀሰ። "ለጋሽ ብሩ ንገራቸው" አልኩት። "እሺ" አለ። አልነገራቸውም። ሌሎቹም አልነገሯቸውም። የነገራቸው ቢኖር ኖሮ ሌሎቹ ሁሉ ፈትተው፣ ያልፈታው፣ ቃሉን የጠበቀው፣ በፓምፑ ውሃ እስከ መጨረሻው የታመነው ወንድሜ ብቻ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ያን የሚሸከም ትከሻ ከዚያ ሁሉ ሞተረኛ መሃል አልተገኘም።

እኔ በዓመቱ ቤሩት ሄድኩ፤ ከቤሩት ወዲህ። እማዬን የቀበርኩት በስልክ ነው። ናዝሬት እኔ የማውቃት አይደለችም ይሉኛል፤ ፎቅ በፎቅ ሆናለች፣ ጋሪውን ባጃጅ ተክቶታል፣ ሻይ ቤቱ የስልክ መሸጫ ሆኗል፣ አዲስ ባቡር በሌላ በኩል ያልፋል። ጋሽ ብሩ ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ፣ ካልኩም በግድ ነው። ማኅበሩ ግን አለ። የሞተረኞቹ ልጆች ናቸው አሁን የሚነዱት፤ በጥምቀት ሞተሮቹ በቅጠል፣ በእጅ ይረጫሉ። ፓምፑ ለሰዉ ነው። ወንድሜ ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ የጠየቀው ልክ እሱ። ማን እንደጠየቀው የሚያውቅ የለም። የአክስቴ ልጅ በስልክ ስትነግረኝ፣ "በየዓመቱ ደምሴን ወንበር አውጥተው ፊት ያስቀምጡታል፤ ለልጆቹ ምክር ይሰጣል" አለችኝ።

"ምን ብሎ?"

"ያው እሱ እንደወደቀ። ጠበልን በፓምፕ ጉልበት ልቀበል ብዬ፣ ልቤ ግን ተጠራጥሮ፣ እግዚአብሔር ጣለኝ ይላል። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ከዚያ ማን በልቡ ተማምኖ ቧንቧውን ወደ ሞተሩ ያስጠጋል?"

ይህን ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ሳልጠይቀው በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። የአሮጊቷ ልጅ ስቆ የሄደ ዕለት ግን አልቻልኩም። ለደምሴ ደወልኩለት።

"ደምሴ፣ ተጠራጥሬ ወደቅኩ ትላለህ አሉኝ።"

"እላለሁ" አለ።

"ውሸት ነው እኮ። አንተ ብቻ ነህ ያልተጠራጠርከው። ካሳ የነገረንን ረሳኸው?"

"አልረሳሁም።"

"ታዲያ ለምን ራስህ ላይ ትመሰክራለህ? በገዛ አፍህ?"

"አስኩዬ" አለኝ፤ ድምፁ እንደ ድሮው ነው፣ አላረጀም። "ስለ ግራሶ ስነግራቸው አልሰሙኝም። ይሄን ስነግራቸው ይሰሙኛል።"

"ስምህስ?"

"ስሜ ምን ይሆናል? እኔ አልነዳበትም።" ቀጠለና፣ "ከእኔ በኋላ ከእነዚያ ልጆች አንድ እንኳ በኩሽኔታ ምክንያት ወድቋል? ሰምተሻል?" አለኝ።

"አልሰማሁም።"

"አልወደቀም።" ከዚያ ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ብርዱን፣ ሥራውን። መለስኩለት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለጸሎት ቆምኩ። ስለ እሱ አመሰገንኩ። ስለ ካሳና ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ጋሽ ብሩም ልለምን ፈልጌ፣ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያሰብኩ ብዙ ቆምኩ፤ ይቅር በላቸው የሚለው ግን ከአፌ አልወጣም። እግሬ ሲዝል ተቀመጥኩ።